የዝናቡ ቀን ሒሳብ

ባምባሲ አጠገብ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርት ቢታንያ
አሶሳ

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ከብቶቹም ደህና ነን፤ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። የላኩልኝን የጥያቄ ወረቀት ፍየል ጫፉን በልታብኛለች። ሦስተኛው ጥያቄ ከነቁጥሩ ሆዷ ገብቷል። እሱን ዘልዬዋለሁ፤ መልሱን ፍየሏን ይጠይቋት።

ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። በሥልጠናው ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ «ቀስ በሉ እንጂ!» ሲል የነበረው ራሰ በራ ሰውዬ እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ምን ያደርግልዎታል ብለው ለጠየቁኝ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ስለነበር ዋዛ መለስኩልዎ። እውነቱ ይህ ነው። ማኅበራችን ሃያ ሦስት አባላት አሉት፤ በጋራ ማሳ ለውዝ እናመርታለን። የማኅበሩን ሣጥን ቁልፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ኖሬያለሁ። መዝገቤ ጭንቅላቴ ነበር፤ አንዲት ሳንቲም ጎድላ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ገንዘብ ያዥ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት በጽሑፍ ካላቀረበ ቁልፉን ያስረክብ ተብሎ ተወሰነ። ጉባኤው ሚያዝያ 26 ነው።

ቁልፉ ብረት ነው፤ ብረቱ አይደለም የሚያሳስበኝ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ካንገቴ ሲወርድ ያየ ሰው «ታረቀኝ በላ እንዴ?» ነው የሚለው። ከወረኢሉ በ77 ዓመተ ምሕረት ስንመጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስም ይዤ አልመጣሁም፤ ስሜን ያገኘሁት እዚሁ ነው።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ «ጨው በጥሬ ገንዘብ ተገዛ» ለሚለው እንዲህ ጽፌአለሁ፦ ጨው ገባ፣ ግራ፤ ብር ወጣ፣ ቀኝ። አንዱ ሲገባ ሌላው ካልወጣ አንድ ቦታ ውሸት አለ ማለት ነው። ትክክል ነኝ?

ደውልልኝ ብለውኝ ነበር። እኔ በስልክ ሰላምታ እንጂ ቁጥር አላወራም። ደብዳቤውን የባምባሲና የአሶሳ ሚኒባስ የሚነዳው ኢዘዲን ያደርስልዎታል። ታማኝ ነው፤ ክፍያም አይቀበልም።

አክባሪዎ
ታረቀኝ


አሶሳ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ታረቀኝ፣

እንዴት ከርመዋል? ኢዘዲን ኮሌጁ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ጡሩምባ ሲነፋ ተማሪው ሁሉ በመስኮት ወጣ። «መምህርት፣ ወረቀት መጣ፣ ውሰድ!» ብሎ ሰጠኝና ሄደ። ሳቄን ሳልጨርስ ነው ያነበብኩት።

አልረሳሁዎትም። «ቀስ በሉ እንጂ» ያሉት ሌላው ሁሉ ሊል ያፈረውን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ቀስ ብዬ ነው የማስተምረው።

አንድ ነገር ልለምንዎ፤ እኔን «እርስዎ» አይበሉኝ። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም በእርስዎ ዕድሜ ነው፤ ዱራሜ ሆኖ ይህን ቢሰማ ይስቅብኛል።

ጨውና ብሩ ትክክል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ለነገ የተገዛውን ከረጢት ዛሬ ወጪ አድርገውታል። ገና ያልተጠቀሙበት ነገር ንብረት ነው፤ ሲያልቅ ነው ወጪ የሚሆነው። በቀይ አስምሬበታለሁ፤ አይከፉብኝ። መልሱን ብቻ ሳይሆን የሠሩበትን የእርሳስ ጽሑፍም አብረው ይላኩ፤ በላጲስ እንዳያጠፉት። ሰው የት ጋ እንደተሳሳተ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ጉባኤው ሁለት ወር አለው፤ እንደርሳለን። አራተኛው ጥያቄ ስለ እርጅና ቅናሽ ነው። አንድ ዕቃ ተገዝቶ ለዓመታት ሲያገለግል ዋጋው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይቀንሳል። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ስለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ማኅበሩ ያንን ስለሌለው ባለው ንብረት ይሥሩት።

ለፍየሏ ሌላ ወረቀት አባሪ አድርጌአለሁ።

ቢታንያ


ባምባሲ አጠገብ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት ቢታንያ፣

ሰላምታዬ እንደ ደጋ ጉም ይክበብሽ። አንቺ በለኝ ስላልሽ አልኩ፤ እጄ ግን ለመጻፍ እየፈራ ነው።

ማኅበሩ ያለው ንብረት አህያ ነው። በ14 ሺህ ብር ገዛነው። አህያ ደህና ከተያዘ ሰባት ዓመት በደንብ ይጭናል። መጨረሻ ላይ የቅሪት ዋጋ፣ ማለት አርጅቶ የሚሸጥበት፣ ስንት ነው ለሚለው፣ ዜሮ ነው። ፎቶ ኮፒው ለብረቱ ይሸጥ ይሆናል፤ አህያ ግን ሥጋው አይበላ፣ ወተቱ አይጠጣ። ስለዚህ 14 ሺህ ለሰባት፣ በዓመት ሁለት ሺህ። ሦስት ዓመት ስለሠራ በመዝገብ ላይ የቀረው 8 ሺህ ብር ነው።

ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት ይህ አህያ ሰው ሁሉ ይረግጥ ነበር። አባላችንን ጸሐይነሽን ጭኗ ላይ መትቶ ሳምንት አስተኝቷታል። አሁን ገና ነው አደብ የገዛው፤ ያለ ነጂ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። መጽሐፍሽ ዋጋው ቀነሰ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አሁን በ20 ሺህ አልሰጠውም እላለሁ። ማን ነው ልክ?

ሌላም ያሳሰበኝ ነገር አለ። በጥቅምት መጨረሻ ለውዙ ደርሶ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። የደረሰ ለውዝ መሬት ውስጥ ዝናብ ካገኘው ይበቅላል፤ በቃ፣ ሄደ ማለት ነው። እኛ ብቻችንን አንደርስለትም። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን በርታዎች ናቸው፤ ሽማግሌያቸው ጁምዓ ይባላል። ላክንበት፤ ሰዎቹን ይዞ መጣና አብረውን ነቀሉ። በወንፈል ነው፤ አንድ ቀን ሠርተህልኝ አንድ ቀን ልሠራልህ። የመጣውን ሰው ቀን በቀን ስደምር 64 የሰው ቀን ይሆናል። አንድ ብር አልከፈልንም፤ ደረሰኝም የለም። ይህን የት ልጻፈው? ግራ ነው ቀኝ? ይህን ሳስብ እንጀራ አልወርድልህ ብሎኛል።

አባትሽን፣ ዱራሜ ያለውንም አጎትሽን ሰላም በዪልኝ።

ታረቀኝ


አሶሳ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ታረቀኝ፣

የአህያውን ሒሳብ ለሁለት መምህራን አሳየሁ። አንዱ ቆሞ አጨበጨበ። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነው። ቅሬታዎ ደግሞ ምክንያት አለው፦ መዝገቡ የሚያወራው የተገዛበትን ዋጋ ለዓመታት ስለማካፈል ነው እንጂ ስለ ጠባይ አይደለም። መልካም ጠባይ መዝገብ ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

የ64ቱን ቀን ነገር ደግሞ ይተዉት። በገንዘብ ያልተለካ ነገር በሒሳብ መዝገብ አይገባም፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አለ፤ ገጽ 11። ክፍያ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ስለዚህ የሚጻፍም የለም። ጎረቤት ነው የረዳዎት፤ አመስግነው ይለፉት። እንጀራዎንም ይብሉ።

አሁን ዋናውን ሥራ እንጀምር። የዓመቱን ገቢና ወጪ በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ፣ የማኅበሩን ሀብትና ዕዳ ሌላ ወረቀት ላይ አድርገው ይላኩልኝ። ግራና ቀኙ እኩል ካልመጣ አይደንግጡ፤ ይላኩት።

ቢታንያ


ባምባሲ አጠገብ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መምህርት ቢታንያ፣

እንዴት አለሽ? መልስ የዘገየው አሞኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ንዴቴ ግን ባንቺ አይደለም።

ገጠመ! ሦስት ጊዜ ደምሬ፣ ሦስት ጊዜ ቀንሼ፣ ግራና ቀኙ እኩል መጣ። አይደንግጡ ማለትሽን ሰምቼ ነው፤ እጅሽ ይባረክ። መቶ ኩንታል ለውዝ በ4,120 ሸጠን 412 ሺህ ብር ገባ። ለትራክተር፣ ለዘር፣ ለከረጢት፣ ለጭነት፣ ለአህያው እርጅና፣ እኛ አባላቱ በነቀላ ለዋልንበት የቀን አበል በ250 ብር ሒሳብ፣ ሁሉም ተደምሮ 350,600 ወጣ። ትርፍ 61,400 ብር። ለሃያ ሦስት ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ብር ከምናምን። ወሬው ከአፌ ሾልኮ ሰው ከአሁኑ ገንዘቡን እያወጣ ነው። እንዳለ የሚባለው የማኅበራችን ጸሐፊ ለቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ አስለክቷል።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። ለምን መሰለሽ? በዚያው ማሳ፣ በዚያው ቀን፣ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለን ነቀልን። የእኔ ቀን 250 ብር ተብሎ ተጻፈ። አጠገቤ የነበረው የጁምዓ ሰው፣ የሐመድ ቀን ግን ምንም ተባለ። ሐመድ ከእኔ ፈጠን ብሎ ነው የሚነቅል፤ ወጣት ነው። ገጽ 11ን አነበብኩት። የጻፈው ሰው ወንፈል ገብቶ አያውቅም።

ደግሞስ ወንፈል እርዳታ ነው ያለሽ ማነው? እርዳታ ደቦ ነው፤ ጠላህን ትጠምቃለህ፣ ሰው ይመጣል፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈል ግን ይመለሳል። ጁምዓ በግንቦት ወፍጮ ቤት ሊሠራ ድንጋይ እያስቆለለ ነው። «ኑ» ባለ ቀን ወይ ሄደን እንሠራለን፣ ወይ በ250 ብር ሰው ቀጥረን እንልካለን። ያን ጊዜ ትርፉን ተካፍለን በልተነው ከሆነስ? ሣጥኑን ከፍቼ ምን ልስጠው፣ የሸረሪት ድር?

አንቺ ተወው ብለሻል። እኔ ግን በሦስተኛ ወረቀት ጽፌዋለሁ። «የተበደርነው ቀን፣ 64» ብዬ። ብትቆጪኝም በላጲስ አላጠፋውም።

ታረቀኝ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ታረቀኝ፣

አልቆጣም። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የጻፍኩት።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩና ገጽ 11ን ገለጥኩ። የተሳሳተው መጽሐፉ አይደለም፤ እኔ ነኝ። «በገንዘብ ያልተለካ» ይላል እንጂ «ሊለካ የማይችል» አይልም። እርስዎ ደግሞ በራስዎ ወረቀት ለክተውታል፤ የእርስዎ ቀን 250 ብር ከሆነ የሐመድም ቀን 250 ብር ነው። መመለስ ያለበት ነገር ዕዳ ነው፤ በብርም ይመለስ በጉልበት። ስሙም «ተከፋይ ሒሳብ» ነው። አራት ዓመት ተምሬ፣ ሁለት ዓመት አስተምሬ፣ ይህን ከእርስዎ መስማቴ ትንሽ አሳፍሮኛል፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ደስ ብሎኛል።

ስለዚህ 64 ሲባዛ በ250፣ 16 ሺህ ብር። በወጪ ላይ ይጨመር፣ በዕዳም በኩል ይጻፍ። ትርፉ 45,400 ይሆናል፤ ለአንድ ሰው 1,973 ብር ከሳንቲም። 16 ሺው ሣጥን ውስጥ ይቆይ።

ለእንዳለ ቆርቆሮ አዝናለሁ። ለፋሲካው በግ ግን ይበቃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። መልካም በዓል ለቤትዎ ሁሉ።

ቢታንያ


አሶሳ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ታረቀኝ፣

ጉባኤው ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ቃል አልደረሰኝም። ኢዘዲንን ብጠይቀው መሪውን እያየ «ሽማግሌው ደህና ነው፣ ግን አይስቅም» አለኝ።

ምን ሆኑ? ቁልፉስ? በእኔ ምክር የተበላሸ ነገር ካለ እኔ ልወቀስ። ሌላው ቢቀር ባዶ ወረቀት ይላኩልኝ፤ እጅዎ እንደነካው አውቃለሁ።

ቢታንያ


ባምባሲ አጠገብ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቢታንያ፣

ዝም ያልኩት የምጽፈው ስላጣሁ አይደለም፤ ነውሬን በወረቀት ላይ ማየት ስላልቻልኩ ነው። ይቅር በዪኝ።

ጉባኤው ላይ ወረቀቴን አነበብኩ። ትርፉን ስጠራ ተጨበጨበ። የጁምዓን 64 ቀን ስጠራ ጭብጨባው ቆመ። እንዳለ ተነሣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሁለት ልጆች አሉት፣ ቤቱ ያፈሳል። «64 መሆኑን ማን ያውቃል? ደረሰኙ የታል? ባለቤቱ ይጠራ» አለ። ትክክል ነው አልኩ። ጁምዓ ተጠራ፤ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። «ስንት ቀን ሠራችሁ?» ሲሉት በጣቱ ቆጠረና «57» አለ።

57! ሰባት ቀን ተለያየን። አዳራሹ ሳቀ። እንዳለ በስልኩ መትቶ ሰባት በ250፣ 1,750 ብር ብሎ ጮኸ። በ57 ከተሠራ ለአንድ ሰው ልክ 2,050 ብር ይደርሳል፤ አንዲት ሳንቲም አይተርፍም። «ሒሳብ ሲገጥም እንዲህ ነው!» አለ። ከኋላ በኩል ደግሞ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ «1,750ዋስ ወዴት ልትሄድ ነበር?» አለ።

አየሽ፣ የፈራሁት መጣ። ገንዘቡ ሣጥኑ ውስጥ ነው ያለው፤ ቢቆጠር ሙሉ ነው። ግን ወሬ ሣጥን ከፍቶ አይቆጥርም። ሚስቴ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ ዝም አሉ አለችኝ።

ቁልፉን አልወሰዱም። እስከ ግንቦት 17 ልዩነቱን አስረዳ፣ አለበለዚያ አስረክብ ተብያለሁ። እኔ አልዋሸሁም። ጁምዓም አይዋሽም፤ ቢዋሽ ኖሮ ቀኑን ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል? ባለ ዕዳው አብዝቶ፣ ባለ ገንዘቡ አሳንሶ! እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

57 ብዬ ልፈርም ይሆን? ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ቁልፌም ይተርፋል። ግን እጄ እንቢ አለ።

ታረቀኝ


አሶሳ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ታረቀኝ፣

ይህን የምጽፈው ኢዘዲን ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ ጽሑፌን አይታዘቡ።

እንዳይፈርሙ! 57ም ብለው፣ 64ም ብለው አይፈርሙ።

ባንክ ያለው ሒሳብና ደብተር ላይ ያለው ሒሳብ ሲለያይ ማን ዋሸ ተብሎ አይጠየቅም። ማስታረቂያ ይሠራል። (አዎ፣ ስምዎትን ነው የሚመስለው፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ቀልደውብኛል።) አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ በኩል የእርስዎን 64፣ በሌላው የጁምዓን 57 ይጻፉ። ከዚያ ድምሩን ትተው ቀን በቀን ይሂዱ። የመጀመሪያው ቀን እርስዎ ጋ ስንት ሰው፣ እሳቸው ጋ ስንት? ሁለተኛውስ? አንዱ ቀን ላይ ትለያያላችሁ። የተለያያችሁበትን ቀን ካገኛችሁ ምክንያቱም እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

ይህን ብቻዎን አይሥሩት። ከጁምዓ ጋር ተቀምጠው ይሥሩት። ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ።

እንዲህ ያለ ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ ላሉኝ፣ አላውቅም። ባለ ዕዳው አብዝቶ የሚከራከርበት ጥያቄ ያለው መጽሐፍ እስካሁን አልገጠመኝም። ስለ ስምዎ ግን ሥጋት የለኝም። የእርሳስ ጽሑፍዎን ሦስት ወር ሙሉ አይቻለሁ፤ ሲሳሳቱ እንኳ በራስዎ ላይ ነው የሚሳሳቱት።

ቢታንያ


ባምባሲ አጠገብ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቢታንያ፣

እልል በዪ! ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። አሁን ስጽፍልሽ ወረቀቱን እየነካ ያስቸግረኛል፤ እኔም አላወልቀውም።

ልንገርሽ ከመጀመሪያው። ወረቀትሽን ይዤ ጁምዓ ዘንድ ተሻገርኩ። ማንጎ ሥር ተቀመጥን። እሱ መጻፍ አይችልም፤ የለውዝ ቅርፊት እያኖረ ቆጠረ፣ እኔ በእርሳስ። የመጀመሪያው ቀን 19 ሰው፤ እሱም 19 ቅርፊት። ሁለተኛው ቀን 19፤ እሱም 19። ሦስተኛው 19፤ እሱም 19። ይኸው 57። አራተኛው ቀን እኔ 7 ጽፌአለሁ፤ እሱ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ጁምዓ፣ አራተኛው ቀንስ?» አልኩት።

«አራተኛ ቀን የለም» አለኝ።

«እንዴት የለም? ሐመድ መጥቷል፣ አንተ መጥተሃል፣ ሰባት ሰው ሆናችሁ መጥታችኋል!»

«መጣን፣ ዝናብ መጣ። ቤት ገባን፣ በላን፣ ተኛን፣ ሄድን። ወላሂ አንድ ለውዝ አልነቀልንም። ያልሠራ ቀን፣ ቀን አይደለም።»

አየሽልኝ? እኛ ወረኢሉዎች ሰው ለእኔ ብሎ ከቤቱ ከወጣ ቀኑ ተቆጥሯል እንላለን። ዝናቡ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ የራሱን ሥራ ጥሎ ነው የመጣው። እነሱ ዘንድ ደግሞ እጅ ካልነካው አይቆጠርም። አርባ ዓመት ሙሉ በወንፈል ስንሠራ ይህን አላወቅንም፤ ለካ ዝናብ መሐላችን ገብቶ አያውቅም ነበር። ተከራከርን። እኔ ውሰድ፣ እሱ አልወስድም። «ዝናብ የአላህ ነው፤ እሱን ማን ይከፍላል?» አለኝ። ማስታረቂያውን ግን ጻፍነው፤ እኔ ፈረምኩ፣ እሱ አውራ ጣቱን አኖረ።

እሑድ ጉባኤው ላይ ወረቀቱን አነበብኩ። «የተሠራበት 57፤ በዝናብ የታገደ 7፤ ድምር 64።» ያ ከኋላ የተናገረው ሰው ያን ቀንም አልታየኝም፤ ድምፁም አልተሰማም። እንዳለ ግን ተነሥቶ «ጋሼ፣ እኔ ይቅርታ» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ከለከልኩት፤ አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ።

ክርክሩ ግን አላለቀም። ሰባቱ ይከፈሉ አይከፈሉ ተባለ። እኔ ይከፈሉ፣ ጁምዓ ሐራም ነው አልቀበልም። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ይሄን ጊዜ ማሚቱ ተነሣች። ማሚቱ በዚያ የዝናብ ቀን ለሰባቱ ምሳ የሠራችው አባላችን ናት፤ ስትናገር ዳኛም አይመልሳት። እንዲህ አለች፦

«ምን ያጨቃጭቃችኋል? ያን ቀን መጡ፣ ሽሮዬን በሉ፣ መደቤ ላይ ተኝተው አንኮራፉ፣ ሄዱ። እንግዲህ የተበደርነው ይሄንኑ ነው። እኛም ሰባት ሆነን ዝናብ ሲጥል እንሂድ፣ የጁምዓን ቤት እህል እንብላ፣ እናንኮራፋ፣ እንምጣ። ቀኑ ተመለሰ!»

ሰው በሳቅ ወደቀ። ጁምዓ ራሱ እምባውን ጠረገና «ወላሂ፣ ይሄ ሒሳብ ነው!» አለ። ተጨበጨበ፤ ጸደቀ። 57ቱ በ250 ብር 14,250 ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ወይ በጉልበት ወይ በብር ለወፍጮ ቤቱ ይመለሳል። ትርፉ 47,150 ሆነ፤ ለአንድ ሰው 2,050። የእንዳለ ቁጥር መጣለት! ሰባቱ ግን ብር ስላልሆኑ ከወረቀቱ ግርጌ ብቻቸውን ተጻፉ፤ «በዝናብ የሚከፈል» ተብሎ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ «ቁልፉ ማን ጋ ይሁን?» ሲል ማንም እጅ አላወጣም። ሁሉም ወደኔ ነው ያየው። ማታ ሚስቴ ውኃ ቀድታ ስትመጣ እየሳቀች ነበር።

ለመጽሐፉ ባለቤት ንገሪው፤ በገጽ 11 ላይ ስለ ዝናብ ይጨምርበት።

ታረቀኝ


አሶሳ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ታረቀኝ፣

እልል ብያለሁ፤ እውነቴን ነው፤ የቢሮ ጓደኞቼ ምን ሆነች ብለው መጡ። አነበብኩላቸው። አሁን ኮሌጁ ውስጥ በገንዘብ ያልተስማማ ሁሉ «በዝናብ ይከፈላል» ማለት ጀምሯል።

ማስታረቂያውን ለተማሪዎቼ ስሙን ቀይሬ በፈተና ላይ ላወጣው ነው፤ ይፈቅዱልኛል? ከአርባ ሁለቱ ስንቱ 64 እንደሚል፣ ስንቱ 57 እንደሚል ለማየት ጓጉቻለሁ። ማሚቱ ያሉትን መልስ የሰጠ ተማሪ ካገኘሁ ሙሉ ነጥብ ነው።

አንድ ያላልኩዎት ነገር አለ። አሶሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከኮሌጅና ከኪራይ ቤቴ በቀር የሰው በር አንኳኩቼ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ የኢዘዲንን ጡሩምባ እጠብቅ ነበር። ሥልጠናዎ አብቅቷል፤ ጥያቄ የምልክበት ምክንያት የለኝም። ቢሆንም አንዳንዴ ይጻፉልኝ፤ ስለ አህያውም ቢሆን።

ቢታንያ


ባምባሲ አጠገብ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቢታንያ፣

በችኮላ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሰማዩ በጁምዓ መንደር በኩል እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ጁምዓ ልኮብናል፦ «ነገ ይጥላል፣ የጾም ገንፎ ተዘጋጅቷል፣ ዕዳችሁን ይዛችሁ ኑ» ብሎ።

ሰው ቆጠርኩ። እኔ አንድ፣ ሚስቴ ሁለት፣ ማሚቱ ሦስት፣ እንዳለ አራት (ምሳ ሲባል መጀመሪያ የተመዘገበው እሱ ነው)፣ ጸሐይነሽ አምስት፣ ሊቀመንበሩ ስድስት። ሌላው ዘር ላይ ነው፤ ሰባተኛ አጣሁ። ስድስት ሆነን ከሄድን አንድ ቀን ይጎድላል፤ እኔ ደግሞ የጎደለ ሒሳብ ይዤ ጁምዓ ፊት አልቀርብም። አባል ያልሆነ ይቻላል ወይ ብዬ ስጠይቅ ማሚቱ ተቆጣችኝ፤ «ያችን መምህርት ትተህ ማንን ልታመጣ ነው?» አለችኝ።

ሥራ የለውም። መብላት፣ መተኛትና መመለስ ነው። ኢዘዲን ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት በርሽ ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ከቀረሽ ዕዳው ባንቺ ስም ይጻፋል፤ እኔ አልደብቅልሽም።

ታረቀኝ


አሶሳ መናኸሪያ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡20

ጋሽ ታረቀኝ፣

ይህን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሚኒባሱ ውስጥ እየጻፍኩት ነው፤ በራሴ እጅ ነው የምሰጥዎ። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድበዋል። ኢዘዲን ሰው እስኪሞላ አልጠበቀም፤ «ዛሬ ዕዳ የጫነ መኪና ነው፣ አይቆምም» ብሎ ባዶውን ሊነሣ ነው።

መዝገቡንና እርሳሱን ይዘው ይምጡ። ስንጨርስ ከግርጌ ያለውን እኔ ራሴ እሰርዘዋለሁ፦ ሰባት ቀን፣ ተከፍሏል።

ቢታንያ